ስፒናው ተነቅሏል?

መርካቶ ውስጥ ከብረታ ብረት መደብሮች ጀርባ ባለ ጠባብ መተላለፊያ፣ ሦስት ሰው ከገባባት የምትሞላ የጥገና ክፍል አለች። ግድግዳዋን የሸፈኑት ሕሙማን ናቸው፦ እጀታው የተሰበረ ድሪል፣ ሆዱ የተከፈተ የእንጨት መላጊያ፣ ገመዱ የነደደ ግራይንደር። ባለቤቷ ስልሳን የተሻገሩ ጠጋኝ ሲሆኑ ሠፈሩ የሚያውቃቸው በአንድ ጥያቄ ነው። ማንም ሰው ማሽን ይዞ ሲገባ ከሰላምታው ቀጥለው «ስፒናው ተነቅሏል?» ይላሉ። ማሽኑ ፌስታል ውስጥ ተጠቅልሎ ቢመጣም ይጠይቃሉ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ፌስታል አንጠልጥላ ስትገባ የጠበቃትም ይኸው ጥያቄ ነበር። ከቴክኒክና ሙያ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከሁለት ልጆች ጋር በርና መስኮት የሚሠራ ብረታ ብረት ቤት ከከፈተች ደግሞ ገና ስምንት ወሯ። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ትንሽ ዝም ብላ፣

«አሁን ተነቅሏል፤ ሐሙስ ዕለት ግን አልተነቀለም ነበር ጋሼ» አለች። «የመጣሁትም በዚሁ ጦስ ነው።»

«ቁጭ በይ እስቲ። ምን ሆነ?»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከልጆቹ አንዱ ቱቦላሬ እየቆረጠ ሳለ መብራት ጠፋ። ግራይንደሩ ድምፁ እየሟሸሸ ቆመ። ልጁ ማብሪያውን ወደ ቦታው ሳይመልስ ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስም መብራት አልመጣም። እስኪመጣ ድረስ ያለቀውን ዲስክ ልቀይረው ብሎ ቁልፉን በአንድ እጁ ያዘ፣ ሌላውን ወደ ማሽኑ ዘረጋ።

«እጁ ሊደርስ ስንዝር ሲቀረው መብራት መጣ» አለች። «ማሽኑ ብቻውን ተነሣ። ጠረጴዛው ላይ ተሽከርክሮ ወለሉ ላይ ወደቀና ሲሚንቶውን እየቧጨረ ገመዱን በራሱ ላይ ጠመጠመ። እኔ ሮጬ ብሬከሩን አወረድኩት። ልጁ አውራ ጣቱ ከመጫሩ በቀር ምንም አልሆነም።»

«ተመስገን!» አሉ ጠጋኙ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ልጁ ሥራ ላይ ነው?»

«ነው። ግን ግራይንደር አልነካም ብሏል።»

«አትቆጪው። መፍራቱ ደግ ነው፤ የፈራው ትክክለኛውን ነገር መሆኑን ብቻ አስረጂው። ሰው የሚፈራው ብልጭታውንና ጩኸቱን ነው። ብረት ሲቆረጥማ ዓይንም ልብም እዚያው ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ማሽኑ ተኝቷል ተብሎ የሚታመንበት ሰዓት ነው፦ ዲስክ ሲቀየር፣ ፑንታ ሲፈታ፣ ገመድ ሲጠቀለል፣ ማሽኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲሰጥ። ስፒናው ሶኬት ውስጥ እስካለ ድረስ ማሽኑ ሥራ ላይ ነው።»

ወጣቷ ይህን ለመቀበል አልቸኮለችም። «ማብሪያውን አጥፍቶት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ጥፋቱ የማብሪያው ነው እንጂ የስፒናው አይመስለኝም» ብላ ተከራከረች።

ጠጋኙ ከመመለሳቸው በፊት ከመደርደሪያው የሌላ ደንበኛ ግራይንደር አውርደው እጇ ላይ አኖሩላት። «አጥፊው» አሏት። አውራ ጣቷን ወደ ኋላ ስትስብ ማብሪያው ትንሽ ተንሸራተተና መሃል መንገድ ላይ ተያዘ። ገፋችው፣ ሳበችው፤ አልመለስ አለ። ውስጡ የገባው የብረት ብናኝ ከግሪስ ጋር ተለውሶ እንደ ሊጥ ጋግሯል።

«አየሽ? አንቺ አጥፍቻለሁ ትያለሽ፤ ውስጡ ግን ገና በርቷል። ደግሞ ይህ ዓይነቱ ወደ ፊት ተገፍቶ የሚነክስ ማብሪያ ነው፤ ሰው ባይዘውም ይሠራል። መብራት ሲመለስ ብቻውን የሚነሣውም በዚህ ምክንያት ነው። ድሪል መቆለፊያውን ካልተጫንሽ በስተቀር ጣትሽን ስትለቂ ይቆማል።»

ያ ጣት ሲለቀው የሚቆም ማብሪያ የራሱ ታሪክ አለው። በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ ድሪል እ.ኤ.አ. በ1895 ጀርመን አገር ሽቱትጋርት ከተማ፣ ፋይን በተባለ ድርጅት ሲሠራ ከባድና ሁለት እጅ የሚፈልግ ዕቃ ነበር። ዛሬ የምናውቀውን የሽጉጥ ዓይነት እጀታና በጣት የሚሳብ ማብሪያ አሜሪካውያኑ ብላክና ዴከር የፈጠራ መብት ያገኙበት እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ቁም ነገሩ ቀላል ነው፤ ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲወድቅ እጁ ከለቀቀ ማሽኑም ይቆማል። ግራይንደር ግን ለረጅም ሰዓት ሥራ ስለሚፈለግ ብዙውን ጊዜ ማብሪያው የሚነክስ ሆኖ ቀረ። አሁን አሁን መብራት ሄዶ ሲመለስ ማብሪያው ጠፍቶ እንደገና ካልበራ የማይነሡ ግራይንደሮች ይሠራሉ፤ ወጣቷ ያመጣችው ግን ከእነዚያ አይደለም።

«ታዲያ መብራት ሲጠፋ ምን እናድርግ ጋሼ? ሁልጊዜ የሚገጥመን ነገር እኮ ነው።»

«መጀመሪያ ማብሪያውን መልሱ። ከዚያ ስፒናውን ነቅላችሁ፣ ሁሉም ሰው እንዲያየው ከጠረጴዛው ጫፍ አንጠልጥሉት። ግድግዳው ላይ ደግሞ አንድ አምፖል በርቶ ይቆይ። መብራት መምጣቱን አምፖሉ ይንገራችሁ እንጂ ማሽኑ አይንገራችሁ።»

ይህን እያሉ ፌስታሉን ፈቱ። ግራይንደሩን አውጥተው አንድ ጊዜ አገላበጡትና ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «መከላከያው የት ሄደ?» አሉ። ዲስኩን በግማሽ የሚከበው ቆርቆሮ የለም። የጎን እጀታውም የለም፤ የሚገባበት ቀዳዳ በአቧራ ተደፍኗል።

«መከላከያውን ያወጣነው ትልቁን ዲስክ ለመግጠም ነው» አለች ወጣቷ። «ባለ 180ው ጠለቅ ብሎ ይቆርጣል። የሚገጥምበት ቀዳዳ አንድ ዓይነት ስለሆነ ልክ ይገባል።»

ጠጋኙ ለጊዜው ምንም አላሉም። ጠመኔ አንስተው ጠረጴዛው ላይ መጻፍ ጀመሩ። የማሽኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ባለ 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ እንዲይዝና በደቂቃ 11,000 ጊዜ እንዲሽከረከር የተሠራ መሆኑን ይናገራል። ባለ 115 ዲስክ ጠርዙ በዚህ ፍጥነት በሰከንድ 66 ሜትር ያህል ይሮጣል። የዚህ ዓይነት ዲስክ የሚፈቀድለት ጣሪያ በሰከንድ 80 ሜትር ነው፤ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ የመንገደኛ ጀት ከመሬት ሲነሣ የሚሮጠው በዚሁ ገደማ ነው።

«አሁን ያንቺን ባለ 180 እንየው» አሉና ቀጠሉ። «ዲስኩ ላይ ‹በደቂቃ 8,500› የሚል ተጽፎበታል። እናንተ በ11,000 አሽከረከራችሁት። ጠርዙ በሰከንድ 103 ሜትር አለፈ፤ በሰዓት ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ። ፍጥነት በሩብ ጨመረ ማለት ደግሞ ዲስኩን ለመበተን የሚስበው ኃይል በሩብ ብቻ ጨመረ ማለት አይደለም፤ ኃይሉ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ሊሸከም ከተፈቀደለት አንድ ተኩል እጥፍ አልፏል። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ፣ ቢበተን ስብርባሪውን የሚመልሰውን ቆርቆሮ አውልቃችኋል።»

ወጣቷ የተጻፈውን ቁጥር ደጋግማ አየች። «ስምንት ወር ሙሉ ምንም አልሆነም እኮ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አልሆነም። እስከ ሐሙስ ድረስም ማሽኑ ብቻውን አልተነሣም ነበር።»

ከዚያ በኋላ የተናገሩት ቁጣ አልነበረበትም። ዲስክ ሲገዛ ላዩ ላይ የተጻፈው የዙር ቁጥር ከማሽኑ ቁጥር እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት፤ ለባለ 115 ዲስክ የሚጻፈው 13,300 ገደማ ነው። በብዙ ዲስኮች ላይ የሚታየው ቀይ መስመር የሰከንዱን 80 ሜትር ያመለክታል። ከሁሉ የከፋ ብለው የቆጠሩት ግን የእንጨት ሥራ ቤቶችን ልማድ ነው፤ ጥርስ ያለው የመጋዝ ምላጭ ግራይንደር ላይ መግጠም። ጥርሱ እንጨቱን ሲነክስ ማሽኑ ከእጅ ፈልቅቆ ይወጣል፤ የሚሄደውም ወደ ያዘው ሰው ጭን፣ ደረት ወይም አንገት ነው። «ይህን ገጥሞ የመጣ ሰው ማሽን አልጠግንም። ምላጩን እዚሁ አስወልቄ ነው የምሸኘው» አሉ።

«ዲስክም እኮ ሲያዝ ይመታል» አለች። «ባለፈው ወር ቱቦላሬውን በሁለት በርጩማ ላይ አጋድሜ መሃሉን ስቆርጥ ግራይንደሩ ወደ ኋላ ወርውሮኝ ነበር።»

«እንዴት አይወረውርሽ! ብረቱ ሁለቱም ጫፉ ተደግፎ መሃሉ ሲቆረጥ ወደ ታች ይጎብጣል። ያን ጊዜ ስንጥቁ ከላይ ይጠብና ዲስኩን ይነክሰዋል። የሚቆረጠው ወገን ሳይደገፍ አየር ላይ ይሁን፤ ሲያልቅ ወደ ታች ይወድቃል፣ ስንጥቁም ይከፈታል። ዋናውን ብረት ሞርሳ ይያዝልሽ። እጀታውን ግጠሚና በሁለት እጅሽ ያዢው። ደግሞ ዲስኩ በሚሽከረከርበት መስመር ላይ ፊት ለፊት አትቁሚ፤ ወደ ጎን ፈቀቅ በይ።»

ወጣቷ ዲስኮቹን የምታስቀምጠው የት እንደሆነ ሲጠይቋት ወለሉ ላይ፣ ከውኃ በርሚሉ አጠገብ መሆኑን ነገረቻቸው። ጠጋኙ ከመሳቢያቸው አንድ አዲስና አንድ አሮጌ መቁረጫ ዲስክ አውጥተው መብራት ስር አስጠጉላት። መሃሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ የከበበ ቀጭን የብረት ቀለበት አለ። ቀለበቱ ላይ፣ ዓይን ካልተጠጋ የማይነበብ ጽሑፍ ተቀርጿል፦ ወርና ዓመተ ምሕረት።

«ይህ ምንድን ነው? የተሠራበት ቀን?»

«የሚያበቃበት ቀን። እንደ መድኃኒት ነው። ዲስኩን አንድ ላይ ያጣበቀው ሙጫ ነው፤ ሙጫው ያረጃል፣ እርጥበት ይጠጣል። ፋብሪካዎቹ ለእንዲህ ዓይነቱ ዲስክ የሚሰጡት ከተሠራ ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው። ያንቺ ግን ከውኃ በርሚል አጠገብ ከከረመ ቀኑ ሳይደርስም ሊደክም ይችላል።»

መቁረጫ ዲስክ ደረቅ ቦታ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ በጀርባው ተኝቶ መቀመጥ አለበት። ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ወይም ከባድ ዕቃ ተጭኖት ከከረመ ይጎብጣል። ወለል ላይ የወደቀ ዲስክ ስንጥቁ ባይታይም አይገጠምም። አዲስ የተገጠመውም ብረት ሳይነካ፣ ሰው በሌለበት አቅጣጫ ለአንድ ደቂቃ ያህል ባዶውን ይሽከረከር፤ ችግር ካለበት ያን ጊዜ ይታወቃል። ጠረጴዛ ላይ ተተክሎ የሚሞርደው ወፍራም ድንጋይ ደግሞ ሌላ መፈተኛ አለው። ከመገጠሙ በፊት ቀዳዳው ላይ አንጠልጥሎ በካቻቪቴ የእንጨት እጀታ ቀስ አድርጎ መምታት ነው። ደህና ድንጋይ እንደ ሸክላ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ ይታፈናል። በሙጫ የተሠራው ዲስክ እንዲህ ስለማይጮኽ በዚህ መንገድ አይፈተንም።

ጠጋኙ ወደ ገመዱ አለፉ። ገመዱ ከማሽኑ በሚወጣበት ቦታ ላይ በጥቁር ናስትሮ ተጠምጥሟል። ናስትሮውን ሲገፉት ከስሩ መዳቡ ፈገግ አለ።

«ማን ነው ይህን ያሰረው?»

«እኔ ነኝ» አለች ወጣቷ። «ብሬከር ስላለን ብዙ አልሰጋሁም።»

እዚህ ላይ ጠጋኙ ረጅም ጊዜ ወሰዱ፤ ይህን ስህተት ከጀማሪም ከነባርም ስለሚሰሙት ነው። 900 ዋት የሆነ ግራይንደር በ220 ቮልት ሲሠራ የሚስበው 4 አምፔር ያህል ነው፤ በሚሊ አምፔር 4,000። የሰውን ልብ ምት ለማዛባት ግን 30 ሚሊ አምፔር በሰውነቱ ማለፉ እንኳ ያሰጋል፤ ከዚያም ያነሰው ጡንቻን አጨማድዶ የያዘውን እንዳይለቅ ሊያደርግ ይችላል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር የተሠራው ገመዱ ከመጠን በላይ ተጭኖበት ቤቱ እንዳይቃጠል ነው። ሰው ኮረንቲ ይዞት ሲንዘፈዘፍ ብሬከሩ ያንን እንደ ትንሽ አምፖል ይቆጥረዋል፤ አይወርድም።

«ታዲያ ሰውን የሚያድነው የቱ ነው?»

«የወጣው ኮረንቲ መመለሱን የሚቆጥር ሌላ ዓይነት ብሬከር አለ፤ አርሲዲ ይሉታል። 30 ሚሊ አምፔር ያህሉ በሰው ወይም በእርጥብ ወለል በኩል ወደ መሬት ሲሾልክ ከሰከንድ አንድ ሦስተኛ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ፊቱ ላይ መፈተኛ ቁልፍ አለው፤ በወር አንድ ጊዜ ተጫኚው። መውረድ አለበት። ካልወረደ ኤሌክትሪሺያን ጥሪ። ለሱቅሽ የምትገዢው የሚቀጥለው ዕቃ ይህ ይሁን፤ ከአዲስ ድሪል በፊት።»

ወጣቷ ስልኳን አውጥታ ጻፈችው። ቀጥላም የቆየ ጥያቄዋን አነሣች። ግራይንደሩ ሁለት ሽቦ ብቻ ስላለው ኤርዝ ልትጨምርለት አስባ ነበር። ጠጋኙ የማሽኑን ጽሑፍ በጣታቸው አሳዩዋት፤ ካሬ ውስጥ ካሬ ያለበት ትንሽ ምልክት አለ። ማሽኑ በሁለት ድርብ የተሸፈነ ስለሆነ ኤርዝ አያስፈልገውም ማለት ነው። «ግን ድርቡ የሚሠራው ሽፋኑ ካልተሰነጠቀና ሆዱ ውስጥ የብረት ብናኝ ካልተከማቸ ነው። ብናኙ ብረት ነው፤ ኮረንቲ ያሳልፋል። ይህ ምልክት የሌለው፣ ሦስት ሽቦ ያለው ማሽን ሲሆን ደግሞ ኤርዙ ተቆርጦ ሁለት እግር ባለው ስፒና መቀየር የለበትም።»

ስለ ማራዘሚያ ገመድም ተነጋገሩ። ወጣቷ ግቢ ወጥታ ስትሠራ የምትጠቀመው 30 ሜትር የሆነ ቀጭን ገመድ ነው፤ ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር። 2,000 ዋት የሆነ ትልቅ ግራይንደር በዚህ ገመድ ቢሠራ ማሽኑ ጋ ሳይደርስ 12 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ገመዱም ከመቶ ዋት በላይ የሆነ ሙቀት ይዞ ይቀመጣል። ገመዱ ተዘርግቶ ከሆነ ሙቀቱ ለአየር ይሰጣል። እንደተጠቀለለ ከሆነ ግን ውስጥ ውስጡን ይግላል፤ ላስቲኩ ይቀልጣል። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ የሚቀረው 4 ቮልት እንኳ አይሞላም። ማራዘሚያ ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ይዘረጋ፤ ሳሎን ለቴሌቪዥንና ለስልክ የተገዛ ዲቫይደር ደግሞ ሱቅ አይግባ።

ቡና የሚያቀርበው ልጅ ሁለት ስኒ አስቀምጦ ሄደ። ጠጋኙ ቡናቸውን ሳይነኩ መነጽራቸውን አድርገው ማሽኑን ከፈቱት።

አራት ብሎን ወጣ። የኋላ ሽፋኑ ሲነሣ ጥቁር ግራጫ ብናኝ በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ አንድ የቡና ሲኒ ይሞላል። ጠጋኙ በደረቅ ብሩሽ ጠረጉት፣ ቀጥሎም ማሽኑን ደጅ አውጥተው በኮምፕሬሰር ደረቅ አየር ነፉት። ከዚያ ከሁለቱም ጎን ያሉትን ካርቦኖች አወጡ። ካርቦን ማለት የጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ጡብ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ሞላና ቀጭን የመዳብ ሽቦ አላት፤ የምትፈጋውም በሚዞረው የሞተሩ ክፍል፣ በአርማቹሩ፣ ጫፍ ባለው የመዳብ ቀለበት ላይ ነው። የግራዋ 7 ሚሊ ሜትር ቀርቷታል። የቀኟ 4 እንኳ አትሞላም፤ ሞላው የመዳቡን ቀለበት ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል።

«ይህ ማሽን ካለፈው ወር ጀምሮ ሲያማርር ነበር» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው። «ብልጭታው ከአየር መውጫው በኩል አልጨመረም?»

«ጨምሮ ነበር። ኃይሉም አንዳንዴ ይቆራረጥ ነበር። ብረቱ ጠንክሮ ነው ብለን ገፋነው።»

«ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ደንብ ነው። ቀለበቱን ዞሮ የሚሄድ ቢጫ እሳት ካየሽ ግን አቁሚ። ካርቦን 5 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይቀየራል፤ ሁለቱም አንድ ላይ፤ አንዱን ትተሽ አንዱን ብቻ አትቀይሪ። ዋጋው ከአርማቹሩ ጋር አይወዳደርም። ኩሽኔታው ሲያፏጭም እንደዚሁ፤ ፉጨቱ ሳይሰበር በፊት የሚናገረው ቃል ነው።»

ወጣቷ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ በቅርብ ማየት ጀመረች። ከአንገቷ የወረደው ሻርፕ ጫፉ በጠረጴዛው ላይ ከተተከለው ድሪል እግር ስር ደረሰ። ጠጋኙ ሥራቸውን አቁመው ሻርፑን በሁለት ጣት አነሡና መለሱላት። እሷም ተገንዝባ አወለቀችው። ድሪል ሲዞር ሻርፕ፣ ነጠላ፣ ክፍት እጅጌ፣ ጓንትም ቢሆን ይጠመጥማል። ለግራይንደር የቆዳ ጓንት ይጠቅማል፤ በሚዞር ፑንታ አጠገብ ግን ጓንት ጣትን ይዞ ይገባል። ይህ ልዩነት ብዙ ሱቅ ውስጥ አይታወቅም።

«ልጆቹን የምታሠሪያቸው አንቺ ነሽ። መነጽርስ ገዝተሽላቸዋል?»

«አንድ አለን። በተራ ነው የምንጠቀመው።»

«ልጄ፣ ዓይን በተራ አይታይም! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያውን አሠሪው እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስረዳ ያስገድዳል፤ ሠራተኛውም የተሰጠውን በአግባቡ እንዲጠቀም ግዴታ አለበት። አሁን አሠሪዋ አንቺ ነሽ። የብረት ፍንጣሪ ዓይን ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጓደኛ በክብሪት እንጨት ወይም በጨርቅ ጫፍ እንዲያወጣ አትፍቀጂ። ፍንጣሪው ብሌኑ ላይ ከከረመ ዝገቱ ቀለበት ሠርቶ ይቀራል። ሳይታሽ ወደ ዓይን ሐኪም፤ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ።»

ስለ ጆሮና ስለ ሳንባ ጥቂት ብቻ ተናገሩ። የግራይንደር ጩኸት 100 ዴሲቤል ሊደርስ ይችላል፤ የጤና ባለሙያዎች ያለ መከላከያ በቀን ከ15 ደቂቃ በላይ እንዳይሰማ የሚመክሩት ልክ ነው። የእንጨት ብናኝም፣ ድንጋይና ኮንክሪት ሲቆረጥ የሚወጣው የሲሊካ ብናኝም በዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር ያመጣሉ ከተባሉት አንደኛ ምድብ ውስጥ ናቸው። አፍና አፍንጫ ላይ የሚታሰር መሐረብ ይህን አይመልስም፤ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ጭንብል ያስፈልጋል።

ወጣቷ ልትነሣ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላት። የሠፈር ሰው ባዶ የቤንዚን በርሚል አምጥቶ ለምድጃ እንድትቆርጥለት ለምኗታል። «ባዶ ነው፤ ወር ሙሉ ክዳኑ ተከፍቶ ነበር» አለች።

ጠጋኙ በዚያ ቀን ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት ይህን ሲሰሙ ብቻ ነው።

«እንዳትነኪው! በቤንዚን ጢም ያለ በርሚል ውስጥ አየር የለም። ባዶው ግን ተን አለው፤ ተኑ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ከመቶ አንድ ተኩል እስከ ሰባት እጅ ሲሆን አንድ የግራይንደር ብልጭታ ይበቃዋል። በርሚሉ እንደ ቦምብ ክዳኑን አንሥቶ ይወረውራል። ክዳኑ ወር ተከፍቶ ቢቆይም ስፌቱ ውስጥና ዝገቱ ስር የቀረው ቤንዚን ብረቱ ሲሞቅ ይተናል። ውኃ አፍስሼ አጥቤዋለሁ የሚልሽንም አትመኚው። ምን እንደያዘ የማይታወቅ በርሚል አይቆረጥም፤ አይበየድም። ገንዘቡ ቢቀርም ይቅር።»

«እመልስለታለሁ» አለች ወጣቷ።

«ለእኔ ስትይ አይሁን።»

«ለልጆቹ ስል ነው ጋሼ።»

በሩ ላይ ቆማ የመጨረሻ ጥያቄዋን ጠየቀች። «በባትሪ የሚሠራ ድሪልም አለን። እሱ ስፒና የለውም፤ ለእሱስ ምን ይሉታል?»

ጠጋኙ ደስ ብሏቸው ፈገግ አሉ። «ባትሪው ስፒናው ነው። ፑንታ ስትቀይሪ ባትሪውን አውጪ፤ ስታስቀምጪም ለየብቻ። ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጪው ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልተሽ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ከሚግለው ቦታ አርቂው። ሚስማርና ብሎን ካለበት ሣጥን ውስጥ አትጣዪው፤ ሁለቱን ጫፎች ብረት ካገናኛቸው እሳት ነው። ያበጠ ባትሪ አይሞላም።»

ማሽኑን ግን አልሰጧትም። ካርቦኑና ገመዱ ይቀየራል፣ ማብሪያው ይታጠባል፤ መከላከያና የጎን እጀታ ይዛ እስክትመጣ ድረስ ግድግዳው ላይ እንደሚቆይ ነገሯት። በማግስቱ ሁለቱንም ገዝታ መጣች፤ ልጁንም አስከትላ። ጠጋኙ መከላከያውን ሲገጥሙ ልጁ ቁልፉን አቀበላቸው። ሥራው አልቆ ማሽኑን ሊሞክሩ እጃቸውን ሲዘረጉ «መጀመሪያ ማብሪያው መጥፋቱን ልየው» ብሎ ያስቆማቸው ልጁ ነው።

ይህን የሚያነብ ሰው ቤቱ ወይም ሱቁ ውስጥ ግራይንደር ካለው፣ ስፒናውን ነቅሎ የዲስኩን የብረት ቀለበት ያንብብ። ቀኑ ያለፈ ከሆነ ዲስኩን ሰባብሮ ይጣለው። ሳይሰበር የተጣለ ዲስክ ሌላ ሰው አንስቶ ይገጥመዋል።